የፀሐይን ስፋት በመርፌ ቀዳዳና በማስመሪያ እንዴት መለካት ይቻላል?

ፀሐይ ከምድር በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ይህን ርቀት ያወቀ ሰው በካርቶን፣ በአልሙኒየም ፎይል፣ በመርፌ፣ በነጭ ወረቀትና በማስመሪያ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ያላትን ስፋት ሊለካ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ፀሐይን በባዶ ዓይንም ሆነ በቀዳዳው በኩል ፈጽሞ አይመልከቱ። የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሕመም ሳይሰማው ሊቃጠል ስለሚችል፣ ሁልጊዜ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ይመልከቱ።

ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ የፀሐይ ጨረር በመስኮት የሚገባበትን ክፍል ይምረጡ። ካርቶኑ መሐል ላይ ክፍተት ቆርጠው ፎይሉን ይለጥፉበትና ፎይሉን በመርፌ ጫፍ ይብሱት። ካርቶኑን መስኮቱ ላይ ካደረጉ በኋላ የቀረውን ብርሃን በመጋረጃ ይዝጉ፤ ክፍሉ ካልጨለመ ምስሉ አይለይም።

ወረቀቱን ከቀዳዳው 2 ሜትር ርቀት ላይ ጨረሩን ፊት ለፊት እንዲቀበል አድርገው ይያዙት። የሚታየው ክብ ብርሃን የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ሦስት ማዕዘን ቢሆን እንኳ ምስሉ ክብ ይሆናል። ክቡ ከሞላለለ ወረቀቱ ዘንብሏልና ያስተካክሉት።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ዳሮቹን ምልክት ማድረጉ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ምስሉ በ2 ደቂቃ ገደማ የራሱን ስፋት ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ደማቁ ወደ ጨለማው በሚሸጋገርበት ጠርዝ መካከል ላይ ሁለቱን ዳሮች በፍጥነት በእርሳስ ይንኩ። ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳሳት በውጤቱ ላይ 37,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም የሦስት ምድር ስፋት የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። በዚህ ምክንያት ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

ጨረሮቹ በቀዳዳው ላይ ተሻግረው ሁለት ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶችን ስለሚሠሩ፣ የምስሉ ስፋት ለ2,000 ሚሊ ሜትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የፀሐይ ስፋት ለርቀቷ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ምስሉ 18.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 0.0093 ይሆናል፤ በ149.6 ሚሊዮን ሲባዛ 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የምድርን ስፋት 109 ጊዜ ያህል ይሰጣል። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲኮማተር ከ99 በመቶ በላይ የሆነው ቁስ መሐል ላይ በመከማቸቱ ፀሐይ ይህን ያህል ገዘፈች፤ ፕላኔቶች የተሠሩት በዙሪያዋ ከቀረው ጥቂት ቁስ ነው።