ስቲም ላይ ጨዋታ ሲወደድብን፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የኮምፒውተር ጨዋታ የኢንተርኔት መደብር ከሆነው ስቲም ለመግዛት ስትሞክሩ የሚገጥሟችሁ የዋጋና የክፍያ እንቅፋቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ስቲም ላይ አንድ ጨዋታ ለሁሉም አገር አንድ ዋጋ የለውም። ዋጋውን በየገንዘቡ ዓይነት የሚወስነው ጨዋታውን ለሽያጭ የሚያቀርበው አሳታሚ ነው፤ የመደብሩ ባለቤት ቫልቭ ደግሞ የመነሻ ዋጋ ይጠቁመዋል። አንድ አገር ገንዘቡ መውደቅ ሲጀምር ይህ አሠራር ይናጋል፤ መናጋቱም በገዢው በኩል በተለያዩ ምልክቶች ይታያል።

ምልክት፦ ዋጋው በብር አይታይም፤ በዶላር ሳይጨምር በብር ግን እየናረ ይሄዳል

ስቲም ከአፍሪካ ገንዘቦች ውስጥ የሚያውቀው የደቡብ አፍሪካን ራንድ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ያለ ገዢ የሚስተናገደው በመደበኛው የዶላር ዋጋ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪና ሲያትል ያለ መሐንዲስ እኩል ይጠየቃሉ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2024 ሳይጠናቀቅ ከ120 ብር አለፈ። የ20 ዶላር ጨዋታ በ57 ተመን 1,140 ብር፣ በ120 ደግሞ 2,400 ብር ነው። ጨዋታ ሠሪው ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አልጨመረም።

መፍትሄው ተመኑን ማሸነፍ ሳይሆን ጊዜ መምረጥ ነው። ጨዋታውን በምኞት ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ቅናሽ ሲደረግበት ስቲም በኢሜይል ያሳውቃችኋል። ትልልቆቹ ቅናሾች በሰኔ መጨረሻ አካባቢና በታኅሣሥ ይመጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ስቲምዲቢ የተባለውን ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ ጨዋታው ከዚህ ቀደም እስከ ስንት ወርዶ እንደነበር ያሳያል። ከዚህ ዋጋ ብዙ ካልራቀ ግዙ። ሂሳቡን ስትሠሩ በባንካችሁ የመሸጫ ተመን አስሉ፣ የካርዱን የአገልግሎት ክፍያም ደምሩበት። የገዛችሁት ጨዋታ ካልተመቻችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። በገዛችሁ በማግስቱ ዋጋው ቢቀንስም ይህ መብት ያገለግላችኋል።

ምልክት፦ ያው ጨዋታ ሱዳን ወይም ግብፅ ላለ ሰው በርካሽ ይታያል

ይህ የዓይን ስህተት አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አርጀንቲናና ወደ ቱርክ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለቱ አገሮች ስቲም ላይ በየራሳቸው ገንዘብ ይገዙ ነበር፤ በፔሶና በሊራ። አሳታሚው ዋጋውን አንድ ጊዜ ጽፎ ከተወው፣ ገንዘቡ በወደቀ ቁጥር ጨዋታው በዶላር ሲታይ እየረከሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ 1 ዶላር ከ8 ሊራ በታች ነበር፤ በ2023 ኅዳር ከ28 ሊራ በላይ ሆነ። በዚህ ክፍተት በሌላ አገር ያሉ ሰዎች በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) ቱርካዊ ወይም አርጀንቲናዊ መስለው እየገቡ ገዙ። ቫልቭ በ2022 ጥቅምት የሚጠቁማቸውን ዋጋዎች አሻሽሎ ለሁለቱ አገሮች እጅግ ከፍ አደረጋቸው፤ እሱም አልበቃም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2023 ፔሶንና ሊራን ጨርሶ አስወጣና በዶላር የሚከፈሉ ሁለት የዋጋ ቀጠናዎች ዘረጋ፤ አንዱ ለላቲን አሜሪካ፣ ሌላው ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ። በሁለቱ ቀጠናዎች የታቀፉት አገሮች 25 ናቸው። ሱዳን፣ ግብፅና የመን በሁለተኛው ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ የለችም።

የአርጀንቲና ሰዎች መቆጣታቸው አይገርምም። በደመወዛቸው ገንዘብ የሚያውቁት ዋጋ በአንድ ሌሊት የውጭ ገንዘብ ሆነባቸው። አንዳንድ አሳታሚዎች የአዲሱን ቀጠና ዋጋ ስላልሞሉም ጨዋታዎቻቸው በቀጥታ በመደበኛው ዶላር ተሸጡ፤ የጭማሪዎቹ ክፋት የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ቸልተኝነት ነው። ገንዘቡ መውደቁን ይቀጥላል የሚለው የቫልቭ ሥጋት ግን ባዶ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ አዲሱ የአርጀንቲና መንግሥት የ1 ዶላርን ይፋዊ ተመን ከ366 ፔሶ ገደማ ወደ 800 አደረሰው። በስቲም አካውንታቸው ላይ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች ሂሳባቸው ቀድሞ ወደ ዶላር በመዞሩ ከዚህ የፔሶ መውደቅ ተርፈዋል።

ለእኛ መፍትሄው ምንድን ነው? በቪፒኤን ሱዳናዊ መስሎ መግባት አይደለም። የስቲም ውል አገርን መደበቅን ይከለክላል፤ ዋጋው የሚቀየረውም ክፍያው የዚያው አገር በሆነ መንገድ ሲፈጸም ብቻ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ የቱርክና የአርጀንቲና አካውንቶችን ተጠንቀቁ። ሻጩ የመጀመሪያው ባለቤት ስለሆነ አካውንቱን መልሶ ሊወስደው ይችላል፣ ስቲምም ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ ብራችሁም ጨዋታችሁም አብረው ይሄዳሉ። እውነተኛው መንገድ ለአሳታሚው መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ገጽ ላይ የውይይት ክፍል አለ፤ ኢትዮጵያ በመደበኛው የዶላር ዋጋ እንደምትገዛ አብዛኞቹ ጨዋታ ሠሪዎች አያውቁም። አሳታሚው ለኢትዮጵያ ብቻ ዋጋ ማውጣት አይችልም፤ ጥልቅ ቅናሽ ማድረግ ግን ይችላል። አገራችን ወደ አንድ ቀጠና እንድትገባ የመወሰን ሥልጣን ያለው ቫልቭ ነው፤ በእኔ እምነት የገቢ ደረጃዋን ያየ ሰው ከሱዳንና ከግብፅ በላይ የምትከፍልበት ምክንያት አያገኝም።

ምልክት፦ ካርዱ ውድቅ ይሆናል

በአገር ውስጥ ለግብይትና ለገንዘብ ማውጫ ማሽን የሚያገለግል ካርድ ሁሉ ለውጭ ክፍያ አይሠራም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑን፣ ለኢንተርኔት ግብይት መከፈቱንም ባንካችሁን ጠይቁ። ሁሉም ተሟልቶ ካልሠራ አካውንታችሁ የተመዘገበበትን አገር ተመልከቱ፤ ካርዱ ከወጣበት አገር ጋር መግጠም አለበት።

ምልክት፦ ውጭ ያለ ወንድም ስጦታ ሊልክ ሲል ስቲም ይከለክለዋል

ስቲም በላኪውና በተቀባዩ አገር መካከል ሰፊ የዋጋ ልዩነት ካየ ስጦታውን ያግዳል። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ ዋጋው አንድ ስለሆነ ችግር አይፈጠርም፤ ጨዋታው በርካሽ ከሚሸጥበት አገር ሲላክ ግን ይታገዳል። እንዲህ ሲሆን በጨዋታው ፋንታ የስቲም ዲጂታል የስጦታ ካርድ ይላክ። ገንዘቡ ወደ ተቀባዩ ገንዘብ ዓይነት ተቀይሮ አካውንቱ ላይ ይገባል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ስቲም ላይ ቢያንስ ለ3 ቀን ጓደኛሞች ሆነው መቆየት አለባቸው። ስለዚህ ለልደት ከሆነ አስቀድማችሁ ተገናኙ።

ምልክት፦ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ገብቼ ዋጋው አሁንም የኢትዮጵያ ነው

ድርሃም፣ ሰቅልና የሳዑዲ ሪያል ስቲም ላይ አሉ። በእርግጥ ኑሯችሁን ከቀየራችሁ ግዢ ስትፈጽሙ አዲሱን አገር ምረጡና በዚያው አገር ካርድ ክፈሉ፤ ቀሪ ሂሳባችሁም አብሮ ይቀየራል። አገር መቀየር የሚቻለው በ3 ወር አንዴ ስለሆነ ለአጭር ጉዞ አትንኩት።

ምልክት፦ ጨዋታ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ከግብፅና ከቱርክ ብዙዎች ይመኙታል፣ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው

ለአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ነው ይህ። የዋጋ ሠንጠረዡን ክፈቱና የሁለቱ የዶላር ቀጠናዎች ቦታ ባዶ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ባዶ ከሆነ የሚጠየቁት መደበኛውን ዋጋ ነው። የቫልቭን ጥቆማ እንደ መነሻ ውሰዱ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ጨዋታዎች በዚያ ቀጠና ስንት እንደሚሸጡ እዩ። ዋጋ መቀነስ ቀላል ነው፤ ከጨመራችሁ ግን ለ30 ቀን ቅናሽ ማድረግ አትችሉም። ስለዚህ ጭማሪ ካሰባችሁ ከትልቁ ቅናሽ ወቅት ከወር በላይ ቀደም አድርጉት።