ክላሲካል የተማረ ሰው ጃዝን ከመጽሐፍ ሲጀምር የሚሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ የጃዝ አስተማሪ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ፎቶኮፒ የተደረገ መማሪያ ይዤ ኪቦርዴ ፊት ተቀመጥኩ። የክላሲካሉን ባኽን የተጫወተ ሰው ይሄ ምን ያቅተዋል ብዬ። አቃተኝ።

ትልቁ ስህተት የተጻፈውን እንደተጻፈ መጫወት ነው። ወረቀቱ ላይ ስምንተኛ ኖታዎች (ግማሽ ግማሽ ምት የሚይዙት) እኩል ናቸው። ስዊንግ በሚባለው የጃዝ አጨዋወት ላይ ግን ፊተኛው ረዘም፣ ኋለኛው አጠር ይላል። መካከለኛ ፍጥነት ላይ አንዱን ምት ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ክፍል ለፊተኛው እንደመስጠት ነው። ሙዚቃው ሲፈጥን ደግሞ ወደ እኩል ይጠጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሳምንታት ደከምኩ። አንድ ቀን ቡና ልትጠራኝ የመጣች ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ሰማችኝና «ልጄ፣ ሰልፍ ነው እንዴ የምትለማመደው?» አለችኝ። ልክ ነበረች።

መፍትሔው ጆሮ ነው። ከጃዝ ተጫዋቹ ከሌስተር ያንግ ሳክስፎን አራት ሜዠር (በኖታው ላይ በመስመር የተከፈለ የምቶች ክፍል) ብቻ ወስዳችሁ ደጋግማችሁ ስሙ። ከዚያ በአፋችሁ ዝፈኑት። ኪቦርድ መንካት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን የለመድኩት መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖምም በእያንዳንዱ ምት አታስጩኹት። ከአራቱ ምቶች ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ብቻ ይምታ። በደቂቃ 60 ላይ ካደረጋችሁት ሙዚቃው በ120 ምት ይሄዳል ማለት ነው። መጀመሪያ ያናድዳል።

ሌላው ስህተት ለየኮርዱ (አብረው ለሚመቱት ድምፆች) አንድ ስኬል፣ ማለትም የድምፆች መሰላል፣ መሸምደድ ነው። መጽሐፎቹ ይህን ይወዳሉ። ሬ ማይነር ሰቨን፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ ሜጀር ሰቨን ሲከታተሉ ሦስት ስኬል ከማሰብ ሁለት ድምፅ ተከተሉ። መጀመሪያ ዶ ወደ ሲ ትወርዳለች፣ ቀጥሎ ፋ ወደ ሚ። ሰቨንዝ (የኮርዱ ሰባተኛ ድምፅ) ወደ ታች እንደሚፈታ ሃርመኒ ክፍል ተምራችሁት የለ? ያው ነው።

«ፈጠራ አልችልም» የሚሉም አሉ። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሲል ይገርመኛል። ሠርግ ላይ ማሲንቆ ተጫዋቹ አምባሰልን ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ ሲጫወት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን ሲሠራ ቅኝቶቹን ከጃዝ ኮርዶች ጋር አገናኘ እንጂ አልጣላቸውም።

መጽሐፉን ለመጨረስም አትቸኩሉ። እኔ 12 ሜዠር ያለው ብሉዝ ላይ ወራት ቆይቻለሁ። የቀረው ገጽ አሁንም አልተነካም።