ለልደት የሚሆን ባለቀለም ኬክ ፖፕ፦ ቸኮሌቱን ሳታበላሹ እንዴት እንደሚሠራ

ኬክ ፖፕ ማለት የተፈረፈረ ኬክ በክሬም ተለውሶና ተድቦልቡሎ፣ ባለቀለም ቸኮሌት ውስጥ ተነክሮ በእንጨት ላይ የሚቀርብ የአንድ ጉርሻ ኬክ ነው። ቢላ አይፈልግም፣ ሹካ አይፈልግም። ልጅ በእጁ ይዞት ይሮጣል።

ለልጆች ልደት የምወደውም ለዚህ ነው። ትልቅ ኬክ ሲቆረስ ሁሉም አበባ ያለበትን ቁራሽ ይፈልጋል፤ እዚያው ለቅሶ ይጀመራል። ኬክ ፖፕ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ሥራው ብዙ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። የሚከብደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቸኮሌቱ። እኔ እዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ ነጭ ቸኮሌት ደፍቻለሁ። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንለፈውና ቸኮሌቱ ጋ ስንደርስ ቆም እንላለን።

የሚያስፈልገው

ለ35 ያህል ፍሬ ይህን አዘጋጁ። ለኬኩ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ቫኒላ። ለመለወሻው ክሬም 50 ግራም የገበታ ቅቤና 100 ግራም የደቀቀ ስኳር። ለመሸፈኛው 500 ግራም ነጭ ቸኮሌት። ሁሉም ላያልቅ ይችላል፤ ግን ከዚህ ካነሰ ኩባያው ውስጥ ጥልቀት አይኖረውም፣ ኳሱም አይጠልቅም። የሎሊፖፕ እንጨትና ቀለምም ያስፈልጋል፤ ስለ ቀለሙ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሹል የጥብስ እንጨት ለልጆች አትጠቀሙ። ጫፉን ብትቆርጡትም ስንጥር ይወጣዋል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። የኬክ ፖፕ መጋገሪያ ማሽን ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ግን ለዚህ ብሎ ገንዘብ አያውጣ። በእጅ የተድቦለቦለው ይበልጥ ይለሰልሳል።

ኬኩ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ ኬኩን በፍጥነት ይነፋዋል። ውስጡ ሳይበስል ያብጥና መሃሉ ይሰምጣል። ከዩቲዩብ ያገኛችሁትን መጠን እንዳለ ስትሠሩ ኬኩ እንቢ የሚላችሁ ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንሱ። ከላይ የጻፍኩት ለአዲስ አበባ የተቀነሰ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ የምትጋግሩ ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርጉት።

እንቁላሉንና ስኳሩን ነጣ እስኪል አምስት ደቂቃ ምቱት። ዘይቱን፣ ወተቱንና ቫኒላውን ጨምሩ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ነፍታችሁ በቀስታ ቀላቅሉ። በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበስላል። ስንጥር ወግታችሁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ አውጡት።

መሃሉ ቢሰምጥም አትጨነቁ፤ ከበሰለ ይፈረፈራል። ጊዜ የሌለው ከኬክ ቤት ክሬም ያልተቀባ ኬክ ቢገዛ ነውር የለውም። በሽሮፕ የራሰ እንዳይሆን ብቻ ጠይቁ። የራሰ ኬክ ሲለወስ ጭቃ ይሆናል።

መለወስና ማድቦልቦል

ኬኩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ቢያድር ይሻላል። ቡናማውን ቅርፊት ቆርጣችሁ አውጡ፤ ካልወጣ ኳሱ ውስጥ ጓል ይሆናል። የቀረውን እንደ ቅንጬ እስኪሆን በጣቶቻችሁ እሹት።

ቅቤውንና የደቀቀውን ስኳር አንድ ላይ ምቱ። ስኳሩን ቤት ውስጥ በብሌንደር መፍጨት ይቻላል። በቡና መፍጫ ከሆነ ግን ኬኩ ቡና ቡና ይላል። የሀገር ለጋ ቅቤም ለዚህ አይሆንም፤ ጠረኑ በቫኒላ አይሸፈንም።

ክሬሙን አንዴ አትገልብጡት። በሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምሩና እየለወሳችሁ ጨምሩ። የበሶ ጭብጦ የሠራ ሰው ልኩን እጁ ያውቀዋል። ጨበጥ ሲያደርጉት ሳይፈረፈር ከያዘ፣ መዳፍም ላይ ቅባት ካልተወ በቃው። ክሬም የበዛበት ኳስ ከእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል፤ መፍትሔውም ተጨማሪ የኬክ ፍርፋሪ ብቻ ነው።

እያንዳንዱን 25 ግራም እየመዘናችሁ አድቦልቡሉ። ከሎሚ አነስ ይላል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት።

ቸኮሌቱ

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላት የልደቷን ኬክ ፖፕ እኔ ልሥራ አልኩ። ቀለሙን ራሷ መረጠች፤ ሮዝ። ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ላይ ኳሶቹ ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ፤ ልደቱ እሑድ 8 ሰዓት ነው። ነጩን ቸኮሌት በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ የፈላ ውሃ ድስት ላይ አቀለጥኩት። አምሮ ቀለጠ፤ ያብረቀርቃል። ክሬም የማቀልምበትን ሮዝ ቀለም አምስት ስድስት ጠብታ አደረግኩበት።

ማንኪያውን ሁለት ጊዜ እንዳዞርኩት ቸኮሌቱ ተቋጠረ። እየጠበበ፣ እየደረቀ፣ ማንኪያው ላይ እንደ ደረቅ ገንፎ ተጠቀለለ። እሳቱ ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩለት፤ ባሰበት፣ ዘይቱን ተፋ። ወተት ጠብ አደረግኩበት፤ ሶስ ሆነና ቀረ። ኳሱን ነክሬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልደርቅ አለ። በዚያ ሰዓት የሚገዛበት ሱቅ የለም። በማግስቱ ኳሶቹን በደቀቀ ስኳር አንከባልዬ አቀረብኩ። ልጅቷ ሳህኑን አየችና ቀና ብላ "ሮዙስ?" አለችኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኬክ ቤት ብዙ ዓመት የሠራች ጎረቤት አለችኝ። ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልጄ፣ ቀለሙ የውሃ ነው የዘይት?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ቸኮሌት የስኳርና የወተት ዱቄት በካካዎ ቅቤ ውስጥ የተበተነበት ነው። ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ትንሽ ውሃ ሲገባበት የስኳሩ ቅንጣቶች ይርሱና እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ቸኮሌቱም ይቋጠራል። ለክሬምና ለሊጥ የምንገዛው ፈሳሽ የምግብ ቀለም በአብዛኛው የውሃ ነው። በጄል መልክ የሚሸጠውም ብዙው እንደዚያው ነው። ለቸኮሌት የሚሆነው በዘይት የተበጠበጠ ወይም ደረቅ የዱቄት ቀለም ነው። ከሻጩ ስትገዙ "ለኬክ ነው" ሳይሆን "ለቸኮሌት ነው" በሉ።

የቀለሙን እሽግ ጽሑፍ ማመን ካልቻላችሁ በቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ተበትኖ ከተዋሐደ የዘይት ነው። እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከተቀመጠ የውሃ ነው፤ ቸኮሌቱ አጠገብ አታድርሱት። ከዚያም በኋላ ቢሆን መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ቸኮሌት ላይ ሞክሩ እንጂ ሙሉውን አታስነኩ።

ውሃ በቀለም ብቻ አይገባም። በእንፋሎት ይገባል፣ በእርጥብ ማንኪያ ይገባል፣ ታጥቦ ባልደረቀ ኩባያ ይገባል። ስለዚህ ሁሉንም ዕቃ በደረቅ ፎጣ ጥረጉ። ውሃውን አፍሉና እሳቱን አጥፉ፤ ከዚያ ሳህኑን ድስቱ ላይ ጣዱት። የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ፤ ክዳንም አትክደኑ። ሳህኑን ስታነሡት መጀመሪያ ታቹን ጥረጉ፤ ሲዘነበል የሚወርደው ጠብታ ነው ጉድ የሚሠራው።

ነጭ ቸኮሌት ቶሎ ያርራል። 45 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ጣት ነክቶ "ሞቅ አለ" እንጂ "አቃጠለ" የማይለው ሙቀት ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አቅልጡ። ከድስቱ አውርዱና የቀረውን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ አማስሉ፤ በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። በማይክሮዌቭ ከሆነ በግማሽ ኃይል፣ በየ20 ሴኮንዱ እያወጣችሁ አማስሉ።

እሽጉ ላይ "የካካዎ ቅቤ" የሚል ካለ እውነተኛ ቸኮሌት ነው። በምትኩ "የአትክልት ዘይት" ወይም "የአትክልት ስብ" ብቻ ካለ ለመሸፈኛ የተሠራው ዓይነት ነው። በጣዕም የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ትንሽ ቢዛነፍም ይችላል።

ከወፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ወተት በፍጹም። ከማንኪያ ላይ እንደ ቀጭን ማር ሳይቆራረጥ ሲወርድ ልኩ ነው። ከዚያ በየኩባያው ከፋፍላችሁ አቅልሙ። ሦስት ቀለም ይበቃል። ሰማያዊ ስትሠሩ ወደ አረንጓዴ ቢያደላባችሁ አይግረማችሁ፤ የቸኮሌቱ የራሱ ቢጫነት ነው። ለእንቁጣጣሽ ግን ያ ቢጫነት ይጠቅማል፤ ትንሽ ቢጫ ጠብ ብታደርጉበት አደይ አበባ ይመስላል።

ተቋጥሮ ከተበላሸስ? ለመሸፈኛ አይመለስም። ሞቅ ያለ ወተት እየጨመራችሁ ሶስ አድርጉትና ለዳቦ መቀቢያ ይሁን።

መንከር

የእንጨቱን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ያህል ቸኮሌት አስነክታችሁ ኳሱ ውስጥ እስከ ግማሹ አስገቡ። እስኪጠነክር አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ይህን የዘለለ ሰው ኳሱን ከኩባያው በማንኪያ ይለቅማል።

የኳሱ ቅዝቃዜም ልክ አለው። ከፍሪዘር እንደወጣ ከተነከረ ቸኮሌቱ ደርቆ ሲኮማተር ኳሱ ደግሞ እየሞቀ ሲያብጥ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ሞቆ ከላላ ደግሞ ይወድቃል። ከፍሪጅ ስምንት ስምንት አውጡ፣ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ንከሩ። ላብ ካወጡ በወረቀት አድርቁ፤ ላቡም ውሃ ነው።

ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ተጠቀሙ። ኳሱን ቀጥ አድርጋችሁ እንጨቱ ድረስ አጥልቁት፤ ውስጥ አታማስሉት። አውጡና ዘንበል አድርጋችሁ፣ እንጨቱን የያዘውን እጅ በሌላው እጅ ጣት ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ትርፉ ይንጠባጠባል። በእንጨቱ ዙሪያ ክፍተት ከቀረ ቅባቱ በዚያ ይወጣል። የሚነሰነሰውን ባለቀለም ከረሜላ ወዲያው ነስንሱ፤ ከ15 ሴኮንድ በኋላ አይጣበቅም። ሁለት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ ይነክራል፣ አንዱ ይነሰንሳል። ጫማ የመጣበትን ካርቶን በምስማር በስታችሁ አቁሟቸው፤ ወይም ምስር የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሰክሷቸው።

ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከእንጨቱ አውጥታችሁ፣ ቆራርሳችሁ ስጡ። ጠንካራ ከረሜላም አትነስንሱባቸው።

የጾም እንግዳ ካለ

ልደቱ በጾም ከዋለ ግማሹን የጾም ሥሩ። 200 ግራም ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ። ቀላቅላችሁ ወዲያው ጋግሩ። በክሬም ፋንታ በማርማላታ ለውሱት። እኔ እንዲያውም ይህኛው ይበልጥብኛል፤ የማርማላታው ኮምጠጥ ማለት ጣፋጩን ያበርደዋል። ነጭ ቸኮሌት ወተት ስላለው አይሆንም። ጥቁሩን እሽጉን አንብባችሁ፣ ወተት የሌለበትን ግዙ። ቀለም ስለማይታይበት በተቀባ ኮኮናት ወይም በተከካ ኦቾሎኒ አንከባልሉት።

ጊዜው

ልደቱ እሑድ ከሆነ ዓርብ ማታ ጋግሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት አድቦልቡሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ንከሩ። ማታ አትንከሩ። ቸኮሌት ቢበላሽ ወጥታችሁ የምትገዙበት ሰዓት ይኑራችሁ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ያለቀለትን፣ ቤቱ ካልሞቀ፣ ተሸፍኖ ከፍሪጅ ውጭ አሳድሩት። ከፍሪጅ የወጣ ኬክ ፖፕ ያልበዋል፤ ቀለሙም የልጆቹ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። በመኪና የምትወስዱ ከሆነ አጋድማችሁ፣ በየረድፉ መሃል የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ደርድሩ። ያገለገለ የእንቁላል ካርቶን ግን አትጠቀሙ፤ ጥሬ እንቁላል የነካው ነው። አምስት ስድስት ትርፍ ፍሬም ያዙ። መንገድ ላይ የሚሰበር አይጠፋም፤ ሳይጠራ የሚመጣ የጎረቤት ልጅም አለ።