የፌጦ ፍትፍት እንዴት ይሠራል? ኃይሉን ሳያጡ

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ፌጦ ስትገዙ የተፈጨውን እለፉት፤ ፍሬውን ግዙ። ከፌጦ ፍሬ ሩብ ገደማው ዘይት ነው። ከዘይቱ ደግሞ ሲሶ ያህሉ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ፣ ማለትም የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው። ይህ ቅባት አየር፣ ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ፍሬው ሳይፈጭ ግን ቅርፊቱና አብሮት ያለው ቫይታሚን ኢ ከመበላሸት ይከላከሉለታል።

«እማማ፣ የዘንድሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ቢሏችሁም ቀመስ አድርጉ፤ ሁሉም የዘንድሮ ነው የሚባለው! ምላስ ቆንጠጥ ካደረገ ጥሩ ነው። የከረመ ዘይት ከሸተተ ተዉት።

ቤት ስትገቡ በሰፌድ አንገዋሉትና ጠጠሩን ልቀሙ። በውኃ እንዳታጥቡት። እንደ ተልባ ዝልግልግ ይልና ለመውቀጥም አይመች።

ለሁለት ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሙቀጫ ውስጥ አድቅቁት። መቁላት የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ፌጦን የሚያቃጥለውና በላብራቶሪ ባክቴሪያን ሲገታ የታየው ቤንዚል አይሶቲዮሳያኔት የሚባለው ነገር ደረቁ ፍሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። ፍሬው ሲደቅና ውኃ ሲያገኝ ነው አንድ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) እሱን የሚሠራው። እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። የፈላ ውኃም እንደዚያው።

ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩና አማስሉት። አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ሎሚው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው፤ አሲድ ስለሆነ ቀድሞ ከገባ የኢንዛይሙን ሥራ ያዘገያል። ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ጨምሩ፤ እንጀራ ቆራርሳችሁ ፈትፍቱ። ለጾም ቀን የሚስተካከለው የለም።

አንድ ነገር ግን ልበል። ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ገታ ማለት ሆድ ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን ያድናል ማለት አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በፌጦ አትተኩ። ነፍሰ ጡር ሴቶች አይብሉት። የጨጓራ ወይም የእንቅርት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

የተረፈውን ፍሬ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አድርጉና ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። የሚያዝያ ሙቀት ሲመጣ ፍሪጅ ይሻላል። የደቀቀው ከተረፈ ግን በማግስቱ ጨርሱት።