ሀዋሳ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ካልፈላ ቴርሞሜትሩን አትጣሉት

ሀዋሳ ውስጥ ውሃ ስታፈሉ ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከቆመ አልተበላሸም። መጽሐፉ ላይ ያለው 100 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ለየ300 ሜትሩ ከ100 ላይ 1 ዲግሪ ገደማ ቀንሱ፤ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ስለሆነች ወደ 94.3 ትደርሳላችሁ።

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሞለኪውሎቹ ባነሰ ሙቀት ያመልጣሉ። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ቴርሞሜትሩን ለመፈተን በረዶ ይሻላል፤ የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ሰባብራችሁ ብርጭቆ ሙሉ፣ ክፍተቱን የሚሸፍን ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። 0 ማንበብ አለበት። 2 ካነበበ ከእያንዳንዱ ንባብ 2 ቀንሱ።

ስታፈሉ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች እንዳይነካ፤ ታቹ ከውሃው ይበልጥ ይግላል። ስሌቱ ለአልኮል፣ ጨው ለበዛበት ውሃ ወይም ለተከደነ ፕሬዠር ኩከር አይሠራም።