ወይን ጠጅ በፍሬው በራሱ እርሾ፦ አምስት ጠንስሶ አንዱን መምረጥ

ጠጅ ሲጣል እርሾ ገዝቶ የሚጨምር የለም፤ ብርዙና ጌሾው ራሳቸው ይፈላሉ። የወይን ፍሬም እንዲሁ እርሾውን ይዞ ይመጣል። ችግሩ፣ ይዞት የሚመጣው ብዙ ዓይነት መሆኑና አብዛኛው ሥራ ጀምሮ የማይጨርስ መሆኑ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ፍሬ በአንዴ ጨፍልቆ ዕድልን ከመጠበቅ በፊት በትንንሽ ጠርሙስ መጠንሰስ ይሻላል።

ጤነኛ ፍሬ ላይ የሚበዙት ሃንሴኒያስፖራና መትሽኒኮዊያ የሚባሉ የዱር እርሾዎች ናቸው። ቶሎ ይነሳሉ፣ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይደክማሉ። የሚጨርሰው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ ነው፤ የዳቦ እርሾም ይኸው ነው። ጤነኛ ፍሬ ላይ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ እርሾ የዘር ካርታ በ1996 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ተነቧል፦ 16 ክሮሞዞም፣ ወደ 6,000 ጂን። ካርታው አንድ ይሁን እንጂ ዝርያዎቹ በጠባይ አይመሳሰሉም። በወይን ቤቶች ካሉት መካከል 8ኛውና 16ኛው ክሮሞዞማቸው ቁራጭ ተለዋውጦ ሰልፋይትን (ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረውን የሰልፈር ውህድ) የሚቋቋሙ አሉ። ሌሎች ደግሞ በውስጣቸው ባለ ቫይረስ አማካይነት መርዝ አመንጭተው ጎረቤት እርሾን ይገድላሉ። ሁለት ጥሩ ጥንስስ መደባለቅ የማንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬውን ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ትኩሱን ማግኘት ከቻሉ ጥሩ ነው። ከውጭ በካርቶን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ተጠብቆ የሚጓዝ ስለሆነ እርሾው የተዳከመ ነው። አይጠቡት፤ አቧራውን አራግፈው የሻገተውን ይልቀሙ። ልጣጩ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ እርሾ ይመስላል፣ ግን ሰም ነው።

አምስት አፈ ሰፊ ባለ 1 ሊትር ጠርሙሶች በፈላ ውሃ ያጥቡ። በእያንዳንዱ ከተለያየ ዘለላ፣ ከተቻለም ከተለያየ ሻጭ የተገኘ 500 ግራም ፍሬ በእጅ ጨፍልቀው ይጨምሩ። ቁጥር ይለጥፉ፣ አፉን በሻሽ ይሰሩ፣ በቀን ሦስቴ ያማስሉ። ማማሰያው ለየጠርሙሱ የተለየ ይሁን፤ አለዚያ አምስቱም አንድ ይሆናሉ። ጠላና ጠጅ የሚጠመቅበት ቤት ከሆነ ጋኑንና ወንፊቱን አያስጠጉ፤ የጋኑ እርሾ ጉልበተኛ ስለሆነ የፍሬውን ይውጠዋል።

ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ አረፋ ይነሳል። አሴቶን ወይም አቼቶ የሚሸተውን፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ የሰራውን ይድፉ፤ አይራሩለት። በሃይድሮሜትር (የጭማቂውን ጥግግት፣ በዚያም የቀረውን ስኳር በሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ) ከ1.090 ተነስቶ ወደ 1.030 የወረደው አልኮሉ 8 በመቶ ገደማ ደርሷል፣ ደካሞቹም ከሥራ ወጥተዋል ማለት ነው። በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ካለ፣ ሎሚ ቅርጽ ያላቸው ሃንሴኒያስፖራ፣ እንቁላል መሳዮቹ በአመዛኙ ሳካሮማይሲስ ናቸው። ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ግን ዓይን አይበቃም፤ የዲኤንኤ ምርመራ ይፈልጋል።

ዋናውን 10 ኪሎ ፍሬ የሚገዙት ይሄኔ ነው። ከግንጫፉ ለይተው ባለ 20 ሊትር ለምግብ በሚሆን ባልዲ ይጨፍልቁ፣ የተመረጠውን ጥንስስ ከነገለባው ያፍስሱበት። ስኳሩ ካነሰ በ10 ሊትር ጭማቂ 170 ግራም ስኳር አልኮሉን በ1 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። የሚንሳፈፈውን ገለባ በቀን ሦስቴ ወደ ታች ይድፈቁ፤ ደርቆ ከዋለ አቼቶ የሚሆነው ከዚያ ይጀምራል።

እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ድፍድፉ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ ካለፈ እርሾው ይሞታል፣ ስኳሩ ሳያልቅ ይቆማል። ባልዲውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ያስቀምጡ፤ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይበቃል። የበሰበሰ እንቁላል ቢሸት ብዙውን ጊዜ እርሾው ናይትሮጅን አጥቶ ነው፤ አየር እያገኘ ከዕቃ ወደ ዕቃ ማንቆርቆር ሽታውን ይቀንሰዋል።

ሃይድሮሜትሩ 1.000 ሲያሳይ በሻሽ ይጭመቁና በጠርሙስ እስከ አንገቱ ይሙሉ። ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ጠርሙስ ያፈነዳል፤ በመርፌ የተበሳ ፊኛ አፉ ላይ ማጥለቅ ይበቃል። ንባቡ ከ0.996 በታች ሆኖ ሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። ከ2 ሳምንት በኋላ ከአተላው በቀጭን ቱቦ ይገልብጡት።

አተላውን ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ያጓጓል። ነገር ግን ከዓመት ዓመት እሱኑ ከጨመሩ አንድ ዝርያ ብቻ እያረቡ ነው፤ ያ ዝርያ ሙቀት ወይም ጣፋጭ ፍሬ ካልቻለ ተተኪ የለውም። በየዓመቱ አምስቱን ጠርሙሶች እንደገና ይጠንስሱ፣ የአምናውን አተላ ስድስተኛ አድርገው ያወዳድሩት።