አንድን የጃንጎ መተግበሪያ ከሁለት ዳታቤዞች ጋር ማገናኘት

ደሴ ፒያሳ ላይ መሸጫ ሱቅ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መጋዘን ያለውን ነጋዴ እናስብ። የመጋዘኑ ክምችት ለዓመታት የተመዘገበው ኮምቦልቻ ባለ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሲሆን አዲሱ የሽያጭ ሥርዓት ደሴ ላይ በሌላ ዳታቤዝ፣ በፖስትግሬስ፣ ይሠራል። የፓይተን የድረ ገጽ መተግበሪያ መሥሪያ የሆነው ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው 1.2 እትሙ ጀምሮ ሁለቱን በአንድ መተግበሪያ ማስተናገድ ይችላል። በእኔ እምነት መረጃውን ወደ አንድ ዳታቤዝ ማዛወር ከተቻለ ያ ይሻላል፤ ይህ መመሪያ ማዛወር ለማይችል ሰው ነው።

በሴቲንግ ፋይሉ የዳታቤዞች ዲክሽነሪ ውስጥ የፖስትግሬሱን ግንኙነት «ዲፎልት»፣ የማይኤስኪውኤሉን «መጋዘን» ብለው ይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም የሞተሩን ዓይነት፣ የዳታቤዙን ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ አድራሻና ፖርት ይስጡ። የተለመደው ፖርት ለፖስትግሬስ 5432፣ ለማይኤስኪውኤል 3306 ነው። የኋለኛው ለኢንተርኔት በቀጥታ መከፈት ስለሌለበት በሁለቱ ከተሞች መካከል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ይዘርጉ። በመጋዘኑ ግንኙነት ላይ የመጠበቂያ ገደብ፣ ለምሳሌ 5 ሰከንድ፣ ያስቀምጡ፤ አለዚያ የኮምቦልቻው መስመር በተቋረጠ ቁጥር ደሴ ያለው ገንዘብ ተቀባይ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ ይቆያል።

ለነባሮቹ ሠንጠረዦች ሞዴል (ሠንጠረዡን የሚወክል የፓይተን ክላስ) በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኢንስፔክትዲቢ የተባለው ትእዛዝ ረቂቁን ያወጣል። ሞዴሎቹ ጃንጎ የማያስተዳድራቸው ተብለው ስለሚወጡ ማይግሬሽን (ሠንጠረዦችን በሞዴሎቹ መሠረት የመፍጠርና የመቀየር ሥራ) አይነካቸውም።

ቀጥሎ ራውተር፣ ማለትም ሥራው ወደ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚሄድ የሚወስን አንድ ተራ የፓይተን ክላስ፣ ይጻፉና በራውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። ለንባብና ለጽሑፍ ዳታቤዝ የሚመርጡት ሁለቱ ሜቶዶች የሞዴሉ አፕ (የፕሮጀክቱ ክፍል) የመጋዘኑ ከሆነ «መጋዘን»ን፣ ካልሆነ ነንን (የፓይተን «ምንም»፤ ምርጫውን ለጃንጎ የሚተው) ይመልሳሉ። ሦስተኛው የሞዴሎችን ዝምድና፣ አራተኛው ማይግሬሽንን ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አራተኛውን ነው። የማይግሬት ትእዛዝ የዳታቤዝ ስም ካልተሰጠው «ዲፎልት»ን ብቻ ይይዛል፤ ሆኖም አንድ ባልደረባ በስሕተት «መጋዘን»ን ቢሰጠውና ራውተሩ ባይከለክል የተጠቃሚዎችና የሽያጭ ሠንጠረዦች ሁሉ በአሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ይፈጠራሉ። ስለዚህ «መጋዘን» ላይ ከመጋዘኑ አፕ በቀር ሁሉም ይከልከል።

አስቸጋሪው ሥራ የሁለቱ መገናኛ ነው። ጃንጎ ዳታቤዝ የሚሻገር ፎሪን ኪን (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያስተሳስር አምድን) አይደግፍም፤ ስለዚህ በሽያጩ ሠንጠረዥ ውስጥ የዕቃውን ኮድ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጡ። አንድ ትራንዛክሽንም (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የጽሑፍ ሥራዎች ጥቅል) ሁለቱን አያቅፍም፤ ሽያጩ ደሴ ላይ ከጸደቀ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ዕቃው ኮምቦልቻ ላይ ሳይቀነስ ይቀራል። መፍትሔው ሽያጩንና «ይህን ያህል ይቀነስ» የሚለውን ተራ (የሠንጠረዥ ረድፍ) በአንድ ትራንዛክሽን ደሴ ላይ መጻፍ፣ ከዚያም ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ተራውን ወደ ኮምቦልቻ እንዲያደርስ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ አንዱን ተራ ደግሞ ሊልክ ስለሚችል ኮምቦልቻ ላይ የሽያጭ ቁጥሩን በማይደገም አምድ የሚይዝ አዲስ ሠንጠረዥ ይፍጠሩ፤ ቁጥሩን መመዝገብና ዕቃውን መቀነስም በአንድ ትራንዛክሽን ይሁን። አሮጌ የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦች ትራንዛክሽን በማያውቀው የማከማቻ ሞተር በማይአይሳም ተሠርተው ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከሆኑም ባክአፕ ወስደው ትራንዛክሽን ወደሚያውቀው ኢኖዲቢ ይቀይሯቸው።

በመጨረሻ ቪፒኤኑን አቋርጠው ደሴ ላይ አንድ ዕቃ ይሽጡ፤ መልሰው ሲያገናኙት ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ያስኪዱና ክምችቱ የቀነሰው በአንድ ብቻ መሆኑን ይመልከቱ።